በቁጥር የተመሰከረለት መንገደኛ፤ የጀምስ ብሩስ ታሪክ



የሒሳብ ትምህርት ለኑሮ ምን ይረባል የሚለው ክርክር በክፍላችን ሳይነሣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መደመር፥ መቀነስ፥ ማባዛትና ማካፈል ሩዝ በኩንታል ለሚሸጥና መሬት በቃዳ ለሚቆጥር ሰው እንደሚያስፈልጉት ሁላችንም እንስማማለን። ሳይን፥ ኮሳይንና ታንጀንት ላይ ስንደርስ ግን ከፊሎቻችን ይህስ ለፈተና እንጂ ለቤት አይሆንም እያልን እናጉረመርማለን። እኔም እስከ ዐምና ድረስ ከአጉረምራሚዎቹ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከ250 ዓመት በፊት በእኛው በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያለፈ የአንድ መንገደኛ ታሪክ ስለ ሆነ፥ በዚህ መጽሔት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ላቀርበው ወደድሁ።

ይህ ሰው ጀምስ ብሩስ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የዓባይን ምንጭ ለማየት ከስኮትላንድ ድረስ በመምጣቱ ነው። እኔ ግን በተለይ የምተርከው ቁጥርን እንዴት እንደ ተጠቀመበት፥ ቁጥርም በመጨረሻ እንዴት እንደ ረዳው፥ ቁጥር ሊጠግንለት ያልቻለው ጉድለትም ምን እንደ ነበረ ነው። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ የሚፈልግ አንባቢ፥ ነገሩ የሆነው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ እንደ ሆነ 7፥ ከዚያ በኋላ እንደ ሆነ 8 ይቀንስ። ይህም ራሱ አንዲት ትንሽ የሒሳብ መልመጃ ናት።

ጀምስ ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። እንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ አባቱ ጠበቃ እንዲሆን ፈልጎ ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሰደደው፤ እርሱ ግን የሕግን ትምህርት አልወደደውም። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ሚስቱም ከጥቂት ወራት በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተች። ብሩስ ገና በ23 ዓመቱ ሐዘንተኛ ሆነ፤ ኋላም ወደ ስፔንና ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ሐዘኑን ያስታገሠው በመማር ነበር። በዚያ ዘመን ዐረብኛን ጀመረ፤ ቀጥሎም ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት አማካይነት ግእዝን አጠና።

በ1758 አባቱ ሲሞት ኪኔርድን ወረሰ። በርስቱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበርና በአቅራቢያው ለተቋቋመው ለካሮን የብረት ፋብሪካ ከሰል በመሸጥ ደኅና ገቢ አገኘ። ይህ ገቢ ኋላ ለረጅሙ ጉዞ ስንቅ ሆነው። ቀጥሎም የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን አፍሪካ አልጀርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው፤ በዚያም ከ1763 እስከ 1765 ተቀመጠ። ሹመቱን የተቀበለው የጥንት ፍርስራሾችን ለመመርመርና፥ ቢሳካለትም የዓባይን ምንጭ ለማየት በማሰብ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ልብ እንበል። ብሩስ ወደማያውቀው አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሰበሰበው ጠመንጃና ብር ብቻ አይደለም፤ ሙያ ነበር። ከቆንስላው ሐኪም ሕክምና ተማረ። የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ መለካት፥ ከዚያም በተገኘው ቁጥር የቆመበትን ሥፍራ ማስላት ለመደ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊም ቀጠረ። ቋንቋ፥ ሕክምና፥ ሥዕልና ሒሳብ ስንቁ ሆኑ ማለት ነው።

ጉዞው ገና ሲጀመር መከራ አገኘው። በሊቢያ ጠረፍ፥ በቤንጋዚ አቅራቢያ፥ የተሳፈረባት መርከብ ተሰብራ በዋና ነፍሱን አተረፈ፤ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ግን ጠፉ። መሣሪያ የሌለው ለኪ በሬ እንደ ሌለው ገበሬ ነው። ብሩስ ጉዞውን ሊተው ተቃርቦ ሳለ፥ ቡፎን የሚባለው የታወቀ የፈረንሳይ ሊቅ ነገሩን ሰምቶ አማለደለትና የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አንድ ኳድራንት ላከለት። ኳድራንት ማለት የክብ ሩብ ቅርጽ ያለው፥ በጠርዙ ላይ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ የተከፋፈለ፥ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ጓደኛው ሆነ።

ብሩስ በ1768 ግብጽ ገባ፤ ከዚያም በቀይ ባሕር አድርጎ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1769 ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በአገረ ገዢው ምክንያት ሁለት ወር ያህል ተጉላልቶ ወደ ደጋው ወጣ። ያን ጊዜ መንገድ ማለት ገደልና ጥሻ ነበር። ኳድራንቱ ከባድ ስለ ነበረ በበቅሎ ሊጫን አልቻለም፤ ሰዎች በሸክም እየተፈራረቁ፥ እነርሱ ሲደክሙም ብሩስ ራሱ ትከሻውን እየሰጠ፥ ዳገቱን አወጡት። በዓድዋና በአክሱም አልፎ በፌብሩዋሪ ወር 1770 ጎንደር ገባ።

ጎንደር በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ መናገሻ ነበረች፤ ነገር ግን ሰላም አልነበራትም። ዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፥ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ግቢያቸው ተቀምጠው ነበር። ብሩስ ሲደርስ በመኳንንቱ ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ልጆችን ይፈጅ ነበር። በአልጀርስ የተማረው ሕክምና እዚህ ላይ ጠቀመው። የተዘጋው በርና መስኮት እንዲከፈት፥ ቤቱም እንዲጸዳና እንዲታጠን አደረገ። ከታመሙት የሞቱም የዳኑም ነበሩ፤ በዚህ ሥራው ግን የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። በቤተ መንግሥትም ባለሟል ሆኖ ሹመት ተሰጠው።

ቀን ቀን እንደ መኳንንቱ በፈረስ እየጋለበ ሲውል፥ ሌሊት ሌሊት ደግሞ መሣሪያውን አቁሞ ሰማዩን ይለካ ነበር። ምን ይለካ እንደ ነበር ለማስረዳት እሞክራለሁ። የአንድን ሥፍራ ቦታ በምድር ላይ ለይቶ ለመናገር ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት ሲሆን ኬክሮስ ይባላል፤ ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ግሪኒች ላይ ከሚያልፈው መሥመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት ሲሆን ኬንትሮስ ይባላል።

ኬክሮስን ማግኘት ቀላል ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፥ በእኩለ ቀን፥ ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ ለቆመ ሰው በአናቱ ልክ 90 ዲግሪ ትሆናለች። በሰሜን በኩል ለቆመ ሰው ግን ዝቅ ብላ ትታየዋለች፤ ከ90 የጐደለው ዲግሪም ኬክሮሱ ነው። በሌላ ቀን እንደ ሆነ ፀሐይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዘነበለችው ዲግሪ ከሰንጠረዥ ላይ ታይቶ ይደመራል ወይም ይቀነሳል። መደመርና መቀነስን የሚያውቅ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ኬንትሮስ ግን ያስቸግራል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ 360 ለ24 ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ፥ ማለትም ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ በጎንደርና በግሪኒች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ያወቀ ሰው ኬንትሮሱን አወቀ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ስልክ ስለሌለ ብሩስ የግሪኒችን ሰዓት የጠየቀው ሰማዩን ነው። ጁፒተር የተባለችው ፕላኔት የራሷ ጨረቆች አሏት፤ እነዚህም በጥላዋ ውስጥ የሚገቡበትና የሚወጡበት ጊዜ በአውሮፓ አስቀድሞ እየተሰላ በመጽሐፍ ይታተም ነበር። ብሩስ በመነጽር አይቶ ጨረቃይቱ የጠፋችበትን ቅጽበት በጎንደር ሰዓት ይጽፍና ከመጽሐፉ ሰዓት ጋር ያስተያየዋል። ልዩነቱ 150 ደቂቃ እንደ ሆነ 150 ለ4 ተካፍሎ 37 ዲግሪ ተኩል ይመጣል።

በዚህ ዓይነት ብሩስ ለጎንደር ያገኘው ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፥ ኬንትሮሱ 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ነው። ዛሬ በሳተላይት ከሚለካው ጋር ቢተያይ በኬክሮስ የተሳሳተው ወደ 4 ኪሎ ሜትር፥ በኬንትሮስ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ዘጠኙ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲለወጥ 20 ሰከንድ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከአውሮፓ ርቆ፥ በጦርነት መካከል፥ በሰዓትና በመነጽር ሠርቶ 20 ሰከንድ ብቻ የተሳሳተ ሰው ምን ያህል ጠንቃቃ እንደ ነበር አስቡ።

በ1770 ጸደይ ብሩስ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት ከጎንደር ተነሣ። በእንፍራንዝ ጥቂት ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ወደ ደቡብ ወረደ። በዚህ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ርብንና ጉማራን ሳይሻገር አያልፍም፤ በርብና በጉማራ መካከል ያለው ሜዳ ደግሞ የእኛው ፎገራ ነው። ያን ጊዜ ሩዝ በዚህ አገር አልነበረም፤ ሩዝ ወደ ፎገራ የመጣው ገና በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አሥርታት ነው። ከብቱ፥ ሣሩና ጥቁሩ አፈር ግን ያኔም ነበሩ። ዛሬ መኪና የሚበርበትን ይህን ሜዳ አንድ ሰው ኳድራንት አሸክሞ እንዳቋረጠው ሳስብ፥ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱን በሌላ ዓይን እመለከተዋለሁ።

ወደ ምንጩ ለመድረስ ግን ሁለተኛ ጉዞ አስፈለገው። ኦክቶበር 28 ቀን 1770 ከጎንደር ተነሥቶ ኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከኮረብታው ላይ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል እየሮጠ ወደ ምንጩ እንደ ወረደና በደስታ ውኃውን በዋንጫ ቀድቶ እንደ ጠጣ ራሱ ጽፏል። ወዲያው ደግሞ ትልቅ ትካዜ ያዘው፤ ብዙ መከራ ያየበት ነገር በእግሩ ሥር ያለች ትንሽ ረግረግ ሆና ታየችው። ትካዜው ግን ሥራውን አላስተወውም። በዚያ በተቀመጠባቸው ቀናት ፀሐይንና ከዋክብትን ደጋግሞ ለካ፤ የምንጩን ኬክሮስም 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ብሎ መዘገበ። ይህ ቁጥር ዛሬ ካለው ካርታ የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ወደ ጎንደር ከተመለሰ በኋላ አገሪቱ በጦርነት ታመሰች። በ1771 በሠርባኩሳ በተደረገው ውጊያ ብሩስ ከንጉሡ ወገን ተሰልፎ ስለ ነበረ የወርቅ ሐብል ተሸለመ። ራስ ሚካኤል ግን ድል ሆኑ። ብሩስም ለመመለስ ፈቃድ ለምኖ ዲሴምበር 26 ቀን 1771 ከጎንደር ወጣ። የሄደውም በምጽዋ ሳይሆን በስናር፥ ማለትም በዛሬዋ ሱዳን፥ በኩል ነው። ስናር ላይ ለወራት ተይዞ ገንዘቡ ስላለቀ ከወርቅ ሐብሉ አብዛኛውን ቀለበት እየቆረጠ ሸጦ ለስንቅ አዋለው።

ከሁሉ የባሰው የኑቢያ በረሃ ነበር። አሸዋ የተሸከመ ነፋስ፥ የውኃ ጥምና ረኃብ ተፈራረቁበት፤ እግሩም ቆስሎ አበጠ። በመጨረሻ ግመሎቹ ከመሄድ አቋረጡና ዕቃውን በሙሉ በበረሃ ጥሎ በእግሩ ለመሄድ ተገደደ። ኳድራንቱ፥ መነጽሮቹ፥ ሥዕሎቹ፥ የዓመታት ልኬት የተጻፈባቸው ወረቀቶች ሁሉ በአሸዋው ላይ ቀሩ። ብሩስ በዚህ ጊዜ ያዘነው ለዕቃው ዋጋ አይደለም፤ ያለ እነዚያ ወረቀቶች ያየውን ቢናገር የሚያምነው እንደሌለ ስለ ተረዳ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1772 አስዋን ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሴ ተርፋለች ብሎ ያርፍ ነበር። እርሱ ግን ከአስዋን ገዢ ግመሎች ተቀብሎ ወደ በረሃው ተመለሰ፤ የጣለውንም ሁሉ እንዳለ አግኝቶ አመጣ።

በ1774 ለንደን ሲገባ የጠበቀውን ክብር አላገኘም። መጀመሪያ ጥቂት ተደነቀ፤ ቀጥሎ ግን ጨዋታ አዋቂዎችና ጸሐፊዎች ይሳለቁበት ጀመር። ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል የተናገረው ወሬ በተለይ መሳቂያ አደረገው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ስመ ጥር ደራሲ ሳይቀር ተጠራጠረው። አንዳንዶችማ ከነጭራሹ ሐበሻ አገር አልደረሰም እስከ ማለት ሄዱ። ብሩስም ቁመቱ እንደ ዝግባ የረዘመ፥ ቁጣውም እንደ ቁመቱ የበዛ ሰው ነበርና ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ። በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ እርስዋም በ1785 ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ወዳጆቹ ቢገፋፉት መጽሐፉን ጽፎ በ1790 በአምስት ክፍል አሳተመ። ኤፕሪል 27 ቀን 1794፥ እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ በወደቀበት ጉዳት ምክንያት፥ በ63 ዓመቱ ሞተ። በበረሃና በጦርነት ያልሞተ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች የጻፈውን በየቦታው መረመሩት። በአንዳንዱ ታሪክ ማጋነኑን አገኙ፤ ብዙውን ደግሞ እውነት ሆኖ አገኙት። ለዚህ ምክንያቱ የገባኝ እንዲህ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ከጉዞው ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ሆነ፥ የሰዎችን ንግግርና የጦርነቱን ወሬ በትዝታ ሞላው፤ ትዝታ ደግሞ ይጨምራል ይቀንሳል። ልኬቶቹ ግን በዚያው ሌሊት፥ በዚያው ሥፍራ፥ በመብራት የተጻፉ ነበሩ። ወሬውን ማንም ሊያስተባብለው ይችላል፤ ቁጥሩን ግን የሚጠራጠር ሰው መሣሪያውን ይዞ ግሽ ላይ ቆሞ መለካት ብቻ ይበቃዋል። ከወዳጆቹ ሁሉ ይልቅ የመሰከሩለት ቁጥሮቹ ናቸው ብል አልተሳሳትሁም።

ታሪኩን ግን በዚህ ብቻ ብጨርስ ማድላት ይሆንብኛል። ብሩስ በቁጥሩ ታማኝ የሆነውን ያህል በሰው ሒሳብ ታማኝ አልነበረም። ሠዓሊው ባሉጋኒ እስከ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዶ፥ መንገዱን መዝግቦ፥ ዕፀዋቱን ሥሎ፥ ከተመለሰ በኋላ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም እንደ ራሱ ሥራ አወጣቸው። ሐሰቱን ያጋለጠው የሟቹ የራሱ ማስታወሻ ነው፤ ቀኑና መንገዱ እየተቆጠረ ተጽፎበት ተገኝቷልና። እንደዚሁም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ቄስ በ1618፥ ማለትም ከብሩስ 152 ዓመት በፊት፥ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አይቶ ነበር። ብሩስ ይህን ላለመቀበል ብዙ ተሟገተ። ለሰከላ ሰው ደግሞ ምንጩ አንድም ቀን ጠፍቶበት አያውቅም፤ ጸበሉን ሲጠጣ የኖረ ነው። ስለዚህ ብሩስ ምንጩን አገኘ ከማለት ይልቅ ምንጩን ለካ ብንል እውነተኛው አነጋገር ይሆናል።

ቁጥርም ቢሆን በአገራችን እንግዳ አልነበረም። ብሩስ ጎንደር በገባበት ዘመን የጎንደር ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ያሰሉ ነበር። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ሒሳብ ይህን ይመስላል። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይባላል። 12 በ11 ተባዝቶ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይተርፋል። 12 በ19 ተባዝቶ 228 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይተርፋል። 12ና 18 ሲደመሩ 30 ይመጣሉ፤ ካልመጡ ሰውየው ተሳስቷል ማለት ነው። ሒሳቡ ራሱን በራሱ እንዲመረምር ተደርጎ መሠራቱ ያስደንቀኛል። በቁስቋም ኳድራንቱን የሚያቆመው እንግዳና በቤተ ክርስቲያኑ ወንበር የሚቆጥረው መምህር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ ነበር።

የብሩስን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም 13 ቀን፥ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በሜዳ ላይ ተክለን በቱምቢ አቃናነው። እኩለ ቀን ልክ በ6 ሰዓት ይሆናል ብለን ነበር። ነገር ግን 6 ሰዓት ካለፈ በኋላም ጥላው ማጠሩን አልተወም፤ ከሁሉ ያጠረው 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሳሳትን መሰለን። ኋላ ግን የአገራችን ሰዓት ከእኛ በስተ ምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ መሥመር የተቃና ስለ ሆነ ፀሐይ ለእኛ ዘግይታ እንደምትደርስ ተረዳን። ጥላው 21 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ታንጀንቱ 0.21 የሆነ ማዕዘን 11 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ያህል ነው። ወረታ በካርታ ላይ 11 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ግድም ነችና በዘንግና በመለኪያ ገመድ ከስድስት ኪሎ ሜትር በማይበዛ ስሕተት ከተማችንን በምድር ላይ አገኘናት። ጥላውን በአንድ ሴንቲ ሜትር አብዝተን ብናነብ ኖሮ ግን ወረታ ተነሥታ ማክሰኝት አጠገብ ትሰፍር ነበር። ለፈተና ብቻ ነው ያልሁት ታንጀንት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ጥንቃቄ የሚባለው ነገርም ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በዚያው ማታ ያየሁትን ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ትምህርት ቤት አልገባም። የርብ ውኃ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ፥ በጎተራችን ምሰሶ ላይ ውኃው የደረሰበትን በየዓመቱ በቢላ ይጭረዋል። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው እንደ ጨዋታ እቆጥረው ነበር። አባቴ ግን እህሉን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው ያንን ጭረት አይቶ ነው። ከጎረቤት ጋር ስለ ዐምናው ሙላት ክርክር ሲነሣም ዳኛው ምሰሶው ነው። ለካ አባቴም በዚያው ቀን፥ በዚያው ሥፍራ፥ የሚጽፍ ሰው ኖሯል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ከብሩስ ሕይወት ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው፥ ያየነውን ወዲያው ለክተን መጻፍ ነው፤ ኩንታሉም ቢሆን፥ ብድሩም ቢሆን፥ ለውኃ መሳቢያው ሞተር የገባው ነዳጅም ቢሆን በትዝታ የተያዘ ሒሳብ ወዳጅን ከወዳጅ ያጣላል። ሁለተኛው፥ ለቁጥር የምንሰጠውን ታማኝነት አብሮን ለደከመ ሰውም እንድንሰጥ ነው። ብሩስ ስለ ግሽ ኬክሮስ የጻፈው እስከ ዛሬ ያስከብረዋል፤ ስለ ባሉጋኒ የጻፈው እስከ ዛሬ ያሳፍረዋል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። እኛም ደብተራችንን ስንገልጥ የትኛውን እየጻፍን እንደ ሆነ እናስተውል።